ብድሬን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ታዲያ ለምን ተከለከልኩ?

ይህ የውይይት ክር በአዳማ ነጋዴዎች መድረካችን ላይ በአራት ቀን ውስጥ 24 ምላሽ አግኝቷል። አስተናባሪው እኔ ነኝ። ብዙ ሰው በመጨረሻው ገጽ ገብቶ ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ እንደ አዲስ ስለሚያነሳ፣ የተባለውን ከመነሻው ጀምሮ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ስድቡን አውጥቻለሁ፤ ቁጣውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። የባንክና የአበዳሪ ተቋም ስም እየጠሩ መክሰስ በደንባችን ስለማይፈቀድ ማንም አበዳሪ በስሙ አልተከሰሰም። ስም ጠርተው የጻፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አጥፍቼባቸው ተቀይመውኛል።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን የከፈተው «ባለ ቆርቆሮው» ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ የውኃ ቧንቧ። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ባንክ 600,000 ብር ተበድሮ በ36 ወር ከፍሎ ጨርሷል። ከ36ቱ ክፍያዎች አምስቱ ዘግይተዋል፤ አራቱ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዱ ግን 47 ቀን። የ47 ቀኑ ሰበብ፣ ዕቃ በዱቤ የወሰደ አንድ ሥራ ተቋራጭ ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሰው መክረሙ ነው። ባለ ቆርቆሮው የዘገየበትን ሁሉ ከነቅጣት ወለዱ ከፍሎ፣ ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ተቀብሏል። አሁን ፒክአፕ መኪና ለመግዛት ወደ ሌላ ባንክ ሲሄድ የብድር ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ፣ የቀድሞ ብድሩ የመዘግየት ታሪክ እንዳለበት ነግራ ፋይሉን መለሰችለት። ሙግቱ አጭር ነው፤ ቅጣቱን ከፍሏል፣ ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቀጣት የለበትም። ይህን ከመዝገብ የሚያስፍቅ መንገድ ካለ ንገሩኝ ብሎ ነው የዘጋው።

ምላሽ 1

«የሶደሬ መንገድ» እግዚአብሔር ያጽናህ አለው፤ ወንድሙም እንዲሁ ሆኖበታል። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለብድር ክልከላ ልቅሶ የሚደርስ ሰው አዳማ ውስጥ አይጠፋም።

ምላሽ 2

«ቀጥ በል» ብሔራዊ ባንክ ጥቁር መዝገብ እንዳለውና አንዴ የገባበት ሰው ዕድሜ ልኩን እንደማይወጣ ጻፈ። መፍትሔውም በሚስት ስም ንግድ ፈቃድ ማውጣት፣ ሚስት ከሌለ ደግሞ አዲስ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት ነው አለ። ይህ ምላሽ በአንድ ሌሊት 14 ሰው ወዶታል። ስሕተት መሆኑን ከወዲሁ ልናገርና ልለፍ፤ ማረሚያው ከታች ይመጣል።

ምላሽ 3

«የድሮ ፋይል» የጻፈው ረጅም ነው፤ ለእኔ ክሩን ክር ያደረገውም ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቶ ወጥቷል።

በመጀመሪያ ጥቁር መዝገብ የሚለውን አፈረሰው። ያለው በብሔራዊ ባንክ ሥር የሚተዳደር የብድር መረጃ ሥርዓት ነው። ባንኮች ለማን ስንት እንዳበደሩ፣ ስንት እንደቀረና ክፍያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያስገቡበታል። አዲስ ተበዳሪ ሲመጣ የብድር ባለሙያው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ታሪኩን ያወጣል። መዝገቡ የክፉዎች ብቻ አይደለም፤ ቀን ሳያዛንፍ የከፈለ ሰውም እዚያው ተጽፎ ይገኛል፤ ሲጠየቅ የሚመሰክርለትም ያው መዝገብ ነው።

ቀጥሎ ቀኖቹን ዘረዘረ። ክፍያው ካለፈበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ያልሞላው ብድር ጤነኛ ነው። ከ30 እስከ 90 ቀን ያለው ልዩ ክትትል የሚያስፈልገው ይባላል። 90 ቀን ሲሞላ በጋዜጣ የምናነበው የተበላሸ ብድር ውስጥ ይገባል። ከዚያ 180 ቀን ሲሞላ አጠራጣሪ፣ 360 ሲሞላ ደግሞ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ባንኩ በየደረጃው ከራሱ ገንዘብ መጠባበቂያ እንዲይዝ ይገደዳል፤ እርሱ በሠራበት ጊዜ መጠኑ በቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 20፣ 65 እና 100 በመቶ ነበር።

ለባለ ቆርቆሮው በራሱ ቁጥር አሰላለት። በ47ኛው ቀን ቀሪ ዕዳው 400,000 ብር ነበር ብንል፣ ባንኩ ቀድሞ 4,000 ብር ይይዝበት የነበረው ብድር 12,000 ብር ያስይዘዋል። 90 ቀን ቢደርስ ኖሮ 80,000 ብር ይሆናል። ተበዳሪው በኋላ ከነቅጣቱ ከፈለ ማለት ባንኩ ያን ጊዜ አልተጨነቀም ማለት አይደለም። የቅጣት ወለዱ የዘገየው ገንዘብ ዋጋ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ለቀጣዩ አበዳሪ የሚቀመጥ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተቀጣሁ የሚለውን አልተቀበለለትም።

በመጨረሻ መያዣን ነካ አደረገ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቤቱን ያስያዘ ሰው ስለ መዝገብ ከመጨነቁ በፊት ስለ ጣሪያው ይጨነቅ ሲል ደመደመ። ቆርቆሮ ለሚሸጥ ሰው እንዲህ መጻፉ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው አልጠየቅኩትም።

ምላሽ 4

ባለ ቆርቆሮው አመስግኖ ተመለሰ፤ ቁጣው ግን አልበረደም። ዝርዝሩን ይዞ ራሱን መረመረ፤ አራቱ መዘግየቶች ከ30 ቀን በታች ስለሆኑ ጤነኛ ናቸው፣ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። በ36 ወር ውስጥ ለ17 ቀን ብቻ መስመር ያለፈ ሰው ምን ዓይነት አጭበርባሪ ሊባል ነው ሲል ጠየቀ።

ምላሽ 5

የድሮ ፋይል አጭበርባሪ ያለው ሰው እንደሌለ አስታወሰው። ከዚያ ማንም ያላሰበውን ጥያቄ አነሳ፦ ለምን ወደ ሌላ ባንክ ሄደ? የቀድሞው ባንክ ተቋራጩ ያመጣበትን ችግር በዓይኑ አይቷል፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ክፍያዎችም በቀናቸው ተቀብሏል። አዲሱ ባንክ ግን የሚያየው የመጣለትን መረጃ ብቻ ነው፤ ሰውየውን አያውቀውም።

ምላሽ 6

«ትኩስ ዳቦ» ከመናኸሪያው ጀርባ ዳቦ ቤት አላት። የእርሷን ታሪክ ያነበበ ሁሉ መክፈያ ሰንጠረዡን ከመሳቢያ ሳያወጣ አልቀረም። ብድሯ በየወሩ በ5 እንደሚከፈል ተነግሯታል። እርሷም በየወሩ በ5 ሳታዛንፍ ከፈለች፤ በጥቅምት 5፣ በኅዳር 5፣ በታኅሣሥ 5። ዓመቱ ሲያልቅ የቅጣት ወለድ ተደምሮ መጣባት። ሰንጠረዡ የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። የኦክቶበር 5 ክፍያ በጥቅምት 5 ሲከፈል 10 ቀን ዘግይቷል፤ የኦገስት 5 ክፍያ በነሐሴ 5 ሲከፈል 6 ቀን። ዓመቱን በሙሉ አንድም ወር በሰዓቱ አልከፈለችም፤ እርሷ ግን በልቧ ራሷን የሰፈሩ ቀጥተኛ ከፋይ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው።

ምላሽ 7

«ቁጥር አዋቂ» ስሌቱን አረጋግጦ አንድ ነገር ጨመረ። ጳጉሜን ስላለች ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 5 ድረስ 35 ቀን ነው። የሴፕቴምበር 5 ክፍያ ደግሞ የሚውለው በነሐሴ 30 ነው፤ ሰው ለእንቁጣጣሽ በግና ዶሮ ሊገዛ ገንዘቡን በሚቆጥርበት ሳምንት። ክፍያው እስከ መስከረም 5 ሲቆይ በዓሉም አልፏል፣ ኪሱም ባዶ ነው። በንግድ ሰው ዘንድ የመስከረም ክፍያ ለምን ሁልጊዜ እንደሚንከባለል አሁን ገባኝ።

ምላሽ 8 እና 9

«ፊርማ» የፈረመውን ያላነበበ ሰው ማንንም መውቀስ እንደማይችል፣ የውል ወረቀት የዳቦ መጠቅለያ እንዳልሆነ ጻፈ። ትኩስ ዳቦ ወዲያው መለሰችለት። ሰንጠረዡ በእንግሊዝኛ የታተመ መሆኑን፣ ቀኑና ወሩ በቁጥር ብቻ ተደርድረው የትኛው የቱ እንደሆነ እንኳን እንደማይለይ፣ እርሷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምድጃ ፊት ቆማ እንደምትውል፣ እርሱ ግን ከነስሙ ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ዳቦዋን በልቶ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀችው። ፊርማ ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ አልታየም።

ምላሽ 10

«ጋላፊ» የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ትኩስ ዳቦን እህቴ እያለ አጽናንቶ የራሱን አወራ። የመኪናውን ብድር የሚከፍለው በየወሩ ቢሆንም በመክፈያው ቀን አንዳንዴ ወደብ ላይ ተራ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ አፋር በረሃ ውስጥ ጎማ ይቀይራል። ስለዚህ ባለቤቱ ከቀኑ በፊት አዳማ ቅርንጫፍ ሄዳ ገንዘቡን ታስገባ ነበር። ከወር በኋላ ክፍያው 33 ቀን እንደዘገየ ተነገረው። ገንዘቡ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ በእርሱ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ከቁጠባው ወደ ብድሩ በራሱ እንዲተላለፍ የሚያዝ ወረቀት ስላልተፈረመ፣ አንዱ ሒሳብ ሞልቶ ሌላው ባዶ ሆኖ ወሩ አለቀ። ባንኩ ውስጥ ገንዘብ እያለው ለዚያው ባንክ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ሆነ። አሁን የማስተላለፊያ ትእዛዙን ፈርሟል፤ ደረሰኝ ሲመጣለትም የትኛው ሒሳብ ቁጥር ላይ እንደገባ ሳያይ አያልፍም።

እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ሒሳብ ለማየት ከሱቄ ወጥቼ ሄጃለሁ።

ምላሽ 11

«ከእንግዲህ ዋስ አልሆንም» መምህርት ናት። ለሥራ ባልደረባዋ በአነስተኛ ብድር ተቋም ዋስ ሆና ፈረመች። ባልደረባዋ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ስልኩን ዘጋ። ከደመወዟ ይቆረጥ ጀመር። ከዚያም ለራሷ ለልጇ ትምህርት ብድር ስትጠይቅ፣ በቅድሚያ የዋስትናው ዕዳ ይጽዳ ተባለች። አንድ ቀን እንኳን ዘግይታ የማታውቅ ሴት በሌላ ሰው መዘግየት ተያዘች። ጽሑፏ አጭርና ደረቅ ነው፤ አንድም ምሬት የለበትም። እንደዚያ መሆኑ የበለጠ ይከብዳል። ዋስ ከመሆን በፊት ተበዳሪው የመጀመሪያ ክፍያውን የሚከፍልበትን ቀን በራስ ማስታወሻ መጻፍና በየወሩ ደረሰኙን መጠየቅ ይሉኝታ ሊያስይዝ እንደማይገባ መከረች።

ምላሽ 12 እና 13

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። «ሲኖትራክ» የተባለ አባል በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ (በሒሳቡ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ) ስለሰጠው ደንበኛ አሥር አንቀጽ ጻፈ፤ ያም ሰው ብድር መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ ይላል። «ሕግ አውራጅ» ደግሞ ቼክና ብድር ለየቅል መሆናቸውን አስረዳው። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት ወንጀል ነው፤ መንገዱ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው። በቀኑ ያልተከፈለ ብድር ግን በራሱ ወንጀል አይደለም፤ የውል ጉዳይ ነው፤ ማንም ሰው ሦስት ሳምንት ስለዘገየ አይታሰርም። ሲኖትራክ እንደገና አሥር አንቀጽ ሊጀምር ሲል ለቼክ የተለየ ክር ከፍቼ ወደዚያ ላክሁት።

ምላሽ 14

«የናዝሬት ልጅ» ከቨርጂኒያ ጻፈች። አዳማን በድሮ ስሟ የሚጠራው አብዛኛው ከአገር የወጣ ሰው ነው። በምትኖርበት በአሜሪካ መዘግየት ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ ነገረችን። ፋይኮ የሚባለው የተበዳሪ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ ከነጥቡ 35 በመቶው የሚመጣው በቀኑ ከመክፈልና ካለመክፈል ነው። የትኛውም ሌላ ነገር ይህን ያህል አይመዝንም፤ የዕዳ መጠን እንኳን 30 በመቶ ነው። ሦስቱ መዝጋቢ ድርጅቶች ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው።

የገረማት ነገር የ30 ቀኑ ድንበር እዚያም መኖሩ ነው። አንድ ክፍያ አምስት ቀን ቢዘገይ አበዳሪው መቀጫ ያስከፍላል እንጂ ለመዝጋቢዎቹ እንደዘገየ አያሳውቅም። 30 ቀን ካለፈ ግን ይመዘገባል፤ ከዚያ 60፣ 90 እያለ ይከብዳል፤ ከፍለህ ብትጨርስም እስከ 7 ዓመት ከሪፖርቱ አይወጣም። እርሷ ቤት ስትቀይር አንዲት ትንሽ የካርድ ሒሳብ በአሮጌው አድራሻ ቀርታ 38 ቀን ዘገየችባት። ነጥቧ ከፍተኛ ስለነበር የወደቀውም በብዙ ነው፤ ከከፍታ የሚወድቅ ይጎዳል። ቤት ለመግዛት ስትሄድ ወለዱ ከእኅቷ ወለድ በለጠ። ገንዘቧ አንሶ ሳይሆን ፖስታዋ ስላልደረሰ።

ምላሽ 15 እና 16

«ቆላ ሰው» ተናደደ። እኛ ነጥብ የለንም፣ ፋይኮ የለንም፣ የአሜሪካ ወሬ ለአዳማ ነጋዴ ምን ሊረባው ነው አለ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ሁሉን ነገር ማስተማር እንደሚወዱም ጨመረበት። የናዝሬት ልጅ ግን አልተቆጣችም። ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ እዚያ የምትቀናበትን አንድ ነገር ነገረችው። ሰባት ዓመት ረጅም ነው፤ ነገር ግን በፈረንጅ 1970 በወጣ ሕግ የተቆረጠ ጊዜ ነው፤ ሲሞላ ይወጣል። ሪፖርቱንም ባለቤቱ ራሱ በነፃ ያያል፤ ስሕተት ካለበት ይከራከራል። ባለ ቆርቆሮው ግን ስለ ራሱ የተጻፈውን ያወቀው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ፊት ቆሞ ነው። ቆላ ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ምላሹን ግን ወዶታል። እንዲህ ያለ ዕርቅ በመድረካችን ብርቅ ነው።

ምላሽ 17

«ቁጥር አዋቂ» እንደገና መጣ፤ ይህኛው ምላሽ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የባለ ቆርቆሮውን ክልከላ በ47 ቀን ብቻ መፍረድ አይቻልም ባይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ጣሪያ ባለበት ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ አሥር ሰው ቢጠይቀውና ለሦስት ብቻ መስጠት ቢችል፣ ሰባቱን የሚመልስበት ምክንያት ይፈልጋል። ገንዘብ በሞላበት ዘመን ማንም የማያየው 47 ቀን፣ በጠበበበት ዘመን ፋይል መመለሻ ይሆናል። የብድር ባለሙያዋ አልዋሸችም፤ የነገረችው ግን ግማሹን ነው።

የድሮ ፋይል ከሥሩ እውነት ነው ብሎ ብቻ ጻፈ። ያቺን አንዲት ቃል እንደ ምላሽ አልቆጠርኳትም፤ ግን ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ፋይል ሲመልስ የኖረ መሆኑን አስታውሱ።

ምላሽ 18፣ 19 እና 20

«ጋሽ ዳኛ» በመድረኩ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። 31 ዓመት የዕቁብ ዳኛ ሆነዋል። በዕቁብ ውስጥ ኮምፒውተር ባይኖርም የማን እጅ እንደሚዘገይ ሁሉም ያውቃል አሉ። በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ሳይመጣ የቀረ ይቀጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የደገመ ሰው ዕጣ ቢወጣለት እንኳን ጠንካራ ዋስ ካላመጣ ገንዘቡ አይሰጠውም፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ቦታ ሞልቷል ይባላል። ልዩነቱ የታመመና ያዘነ ሰው መልእክት ከላከ መዘግየቱ በቁጥር አለመያዙ ነው። ዳኛው ምክንያት ይሰማል።

«ቆላ ሰው» ይቅርታ ጋሼ ብሎ ጀምሮ ይቅርታ በሌለው ቃል ጨረሰ። በአንድ ዕቁብ ሰብሳቢው የሰውን ገንዘብ ይዞ እንደጠፋ፣ ምክንያት መስማት ማለት ለዘመድ ማድላት እንደሆነ፣ ምክንያት የማይሰማ ኮምፒውተር እንደሚሻለው ጻፈ። ክሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ዝም አለ። ጋሽ ዳኛ ሲመለሱ ልጄ አሉት፤ የተዘረፈበትን ገንዘብ ማጣቱ እንዳሳዘናቸው፣ እርሳቸው ግን በገዛ ወንድማቸው ላይ ሁለት ጊዜ ቅጣት እንደጣሉና ወንድማቸው ለአራት ወር ቤታቸው እንዳልረገጠ ነገሩት። ሌላ ክርክር አልጨመሩም።

ምላሽ 21

«ወንጂ» ወጣት ነው፣ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 መጨረሻ እንደኪሴና መላ የተባሉ የስልክ ብድሮችን ከጀመረ ወዲህ ያለ መያዣ በስልክ መበደር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሌሎች ባንኮችም ተከትለዋል። እርሱ ከአንዱ 2,000 ብር ወስዶ ሲም ካርዱ ጠፍቶበት አራት ቀን ዘገየ። ከፈለ። በሚቀጥለው ጊዜ የተፈቀደለት መጠን ከግማሽ በታች ወርዶ አገኘው። ማንም አልደወለለትም፣ ማንም አልተቆጣውም፤ ቁጥሩ ብቻ አነሰ። እንዲህ ያለው ብድር የሚለካው በስልኩ በሚደረገው ዝውውርና አከፋፈል ስለሆነ፣ የአሜሪካው ነጥብ የለንም ያለውን ሰው ታዲያ ይህ ምንድን ነው ሲል ጠየቀው። ቆላ ሰው በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ምላሽ 22

«አብዱል» የሚጠቀመው ከወለድ ነፃ አገልግሎት ነው። እዚያ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ስለሚሸጥ በመዘግየት ወለድ አይጨመርም፤ መቀጫ ካለም በሸሪዓው ደንብ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ ባንኩ አያተርፍበትም። የክፍያው ቀን ግን ቀን ነው፤ የዘገየ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ምላሽ 23

የድሮ ፋይል ምላሽ 2 አሁንም እየተወደደ መሆኑን አይቶ ተመለሰና ጠበቅ አድርጎ ጻፈ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ሲወጣም አሻራ ተሰጥቶ ነው። ሁለተኛ ለማውጣት የሞከረ ሰው ከባንክ ችግር ወጥቶ የግብር ችግር ውስጥ ይገባል። በሚስት ስም መበደርም ቢሆን ባንኩ የጋብቻ ማስረጃና የሁለቱንም ፊርማ መጠየቁ አይቀርም። እውነተኛ መዘግየት በልመና አይፋቅም፤ የተሳሳተ መረጃ ግን ይታረማል። ስለዚህ ባለ ቆርቆሮው ሦስት ነገር ይዞ ይሂድ አለው፦ ከዕዳ ነፃ ደብዳቤውን፣ የ36ቱን ክፍያ መግለጫና ተቋራጩ በዚያን ጊዜ አለመክፈሉን የሚያሳየውን የዱቤ ሰነድ። ከዚያ የቀድሞው ባንክ ስለ እርሱ ምን ብሎ እንዳስገባ በጽሑፍ ይጠይቅ።

«ቀጥ በል» ሐሳብ ብቻ ነው ያቀረብኩት ብሎ አፈገፈገ። ምላሹን ግን እስካሁን አላጠፋም።

ምላሽ 24

ባለ ቆርቆሮው ትናንት ማታ ተመለሰ። ወደ ቀድሞው ባንኩ ሄዶ ነበር። የ47 ቀኑ ነገር ተመዝግቧል፤ እርሱን ሊከራከርበት አልፈለገም። የደነገጠው በሌላው ነው፦ ብድሩ ካለቀ ከወራት በኋላም የመዘጋቱ መረጃ አልተላለፈም ነበር። ደብዳቤው እጁ ላይ ነው፣ ማኅተሙ አለ፣ መዝገቡ ግን ያልተዘጋ ብድር ያለበት ሰው ነው የሚለው። አዲሱ ባንክ የመለሰው በመዘግየቱ ይሁን፣ በዚህ ያልተዘጋ ብድር ይሁን፣ ቁጥር አዋቂ ባለው ጣሪያ ይሁን አሁንም አልተነገረውም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ይቅርታ ጠይቀው፣ እንደሚያስተካክሉ ነግረው፣ በ12 ተመለስ ብለው ሸኙት።

በሩ ጋ ደርሶ ትኩስ ዳቦ ትዝ አለችው። ተመልሶ፣ በእኛ ነው በፈረንጅ ብሎ ጠየቃቸው። ኃላፊው ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር ለረጅም ጊዜ አዩት።